የድሮ ፓይሬክስ ዕቃዎች ግብይት

የድሮ ፓይሬክስ የሚባሉት በአሜሪካው የኮርኒንግ መስታወት ኩባንያ፣ በተለይ ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ የተመረቱ ባለቀለም የማእድ ቤት ዕቃዎች ናቸው፤ ጎድጓዳ ሳህኖች፣ ባለክዳን መጋገሪያዎች፣ የፍሪጅ ዕቃ ማስቀመጫዎች። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ ዕቃዎቹ በዋናነት የሚገኙት በአሜሪካና በካናዳ የአሮጌ ዕቃ መደብሮች፣ ሰዎች በግቢያቸው በሚዘረጉት ሽያጭና በኢንተርኔት ጨረታ ነው። ስሙ የገነነው እሳት በሚችል መስታወት ሲሆን ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚከፍሉት ግን ለቀለሙና ለሥዕሉ ነው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ የገዢ ስህተት ነው።

አመጣጥ

ሙቀት የሚችል ቦሮሲሊኬት መስታወትን ቀድሞ የሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በጀርመን ዬና ከተማ የነበረው ኦቶ ሾት ነው። ኮርኒንግ ወደዚህ ሥራ የገባው ለማእድ ቤት ብሎ አይደለም። የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች የሚይዙት ፋኖስ በውስጡ ነዶ ግሎ ሳለ ዝናብ ወይም በረዶ ሲያርፍበት መስታወቱ ይሰነጠቅ ስለነበር፣ ኩባንያው ኖኔክስ የተባለ በሙቀት ብዙ የማይለጠጥ መስታወት አወጣ። አዲሱ ፋኖስ አልሰበር በማለቱ የመተኪያ ትእዛዙ እንደቀነሰና ኩባንያው ለመስታወቱ ሌላ ሥራ መፈለግ እንደጀመረ ይነገራል።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ የቤሲ ሊትልተን ኬክ ነው። በ1913 የኩባንያው የፊዚክስ ባለሙያ የጄሲ ሊትልተን ባለቤት ቤሲ የሸክላ መጋገሪያዋ ተሰነጠቀባት። ባሏ ከኖኔክስ የተሠራ የባትሪ ማሰሮ ታችኛውን ክፍል ቆርጦ ወደ ቤት አመጣላት፤ እሷም ኬክ ጋገረችበት። ኬኩ እኩል በሰለ፣ ከመስታወቱም አልተጣበቀም፤ በማግስቱ የባሏ ባልደረቦች ቀመሱት። አንዳንዶች ሐሳቡን የቤሲ ሲያደርጉት ሌሎች ደግሞ ባሏ ቀድሞም በመስታወት መጋገር ይቻላል እያለ ይከራከር እንደነበርና ባልደረቦቹ ይስቁበት እንደነበር ይጽፋሉ። ኩባንያዎች የምርታቸውን ልደት በአንድ ቤትና በአንድ ኬክ ማሳጠር ስለሚወዱ አተራረኩን በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል። የተረጋገጠው ይህ ነው፤ ኖኔክስ ሊድ (እርሳስ) ስለነበረው ለምግብ አይሆንም ነበር፤ የኩባንያው ተመራማሪዎች ዩጂን ሰሊቫንና ዊልያም ቴይለር ሊድ የሌለበትን ቀመር አዘጋጁ፤ ፓይሬክስም በ1915 ለገበያ ቀረበ። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ በቦስተን የነበረው የጆርዳን ማርሽ መደብር ነው። የቀመሩ ፓተንት የጸደቀው በ1919 ነው።

ባለቀለሞቹ

ኮርኒንግ በ1936 ከማክቤዝ-ኤቫንስ የመስታወት ኩባንያ ጋር ሲዋሐድ በፔንሲልቬንያ የነበረውን የሻርለሮይ ፋብሪካ አገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጡት ባለቀለም ሳህኖች የተሠሩት እንደ ወተት ከነጣ፣ ግሎ በፍጥነት በማቀዝቀዝ ከተጠናከረ ተራ የሶዳ መስታወት ነው፤ ቀለሙ የተቀባው በውጭ በኩል ነው። ስለዚህ በብዙ ሰብሳቢ መደርደሪያ ላይ በክብር የተቀመጠው ፓይሬክስ ዝነኛው ቦሮሲሊኬት አይደለም።

ቀዳሚው ዝርያ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ አራት ሳህን ነው፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ። ከታች የተቀረጸባቸው ቁጥር ከ404 እስከ 401 ይወርዳል። በሥዕል ያጌጡት በ1950ዎቹ በዙ። ገበሬዎች፣ አውራ ዶሮና እሸት የሚታዩበት በተርፕሪንት በ1957 ወጣ፤ በ1972 ደግሞ ስፕሪንግ ብሎሰምና በተርፍላይ ጎልድ ተከተሉ። እነዚህ የ1970ዎቹ በብዛት ስለተሠሩ ዛሬም ርካሽ ናቸው። በአንጻሩ በ1959 የወጣው፣ ልብና የክሎቨር ቅጠል የተሣለበት ላኪ ኢን ላቭ እጅግ ብርቅ ስለሆነ አንዱ ዕቃ በሺህ ዶላሮች ተሽጧል።

የፊደሉ ክርክር

ፓይሬክስ የሚለው ጽሑፍ በትልልቅ የላቲን ፊደል ከሆነ ዕቃው ቦሮሲሊኬት ነው፣ በትንንሽ ከሆነ ሶዳ መስታወት ነው የሚል መመሪያ በስፋት ይደገማል። መመሪያው ለማስታወስ ስለሚቀል እንጂ ስለሚሠራ አይመስልም። እንደ ወተት ከነጣው መስታወት የተሠሩት ባለቀለም ሳህኖች በትልልቅ ፊደል ተጽፎባቸው ሶዳ መስታወት ናቸው፤ ትንንሹ ፊደልም ቢሆን ከባለቤት ለውጥ ጋር የመጣ አይደለም፤ ኮርኒንግ በ1998 የቤት ዕቃ ሥራውን ከመልቀቁ በፊት አገልግሎት ላይ ነበር። ቀለም በሌላቸው ዕቃዎች ላይ የጠርዙን መልክ ማየት የተሻለ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል፤ ሶዳ መስታወት ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያደላል። ቦሮሲሊኬት በሙቀት የሚለጠጠው የተራውን መስታወት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ዕቃውን ኦቨን ውስጥ ለሚጠቀምበት ሰው ዋና ነገር ነው፤ መደርደሪያ ላይ ለሚያስቀምጠው ግን ከወሬ አያልፍም።

ሲገዙ የሚታየው

ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚጥለው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ነው። በማሽን ደጋግሞ የታጠበ ሳህን ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲነካ እንደ ጠመኔ ይሻክራል፤ ወደ ነበረበትም አይመለስም። አንዳንድ ሻጮች ዘይት ቀብተው ለጊዜው ያብለጨልጩታል፤ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ግን ማታለሉ ይጋለጣል። ስለዚህ ገዢው ዕቃውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ማየትና ውጫዊውን በጣቱ መዳበስ አለበት፤ ጠርዙን ደግሞ በጥፍር ዞሮ መፈተሽ የተሸረፈ ቦታን ያሳያል። ፎቶ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይህን ስለማይችል፣ ሻጩን በማሽን ታጥቦ እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው። ክዳን ቀድሞ የሚሰበር በመሆኑ ከነክዳኑ የተረፈ መጋገሪያ ዋጋው ከፍ ይላል። የአራቱን ሳህን ስብስብ በየአንዳንዱ እየገዙ ማሟላት ርካሽ ቢመስልም ድምቀታቸው ላይመሳሰል ይችላል።

የድሮውን ሥዕል መሠረት አድርገው የወጡ አዳዲስ ምርቶችም አሉ። ብዙዎቹ ብርሃን በሚያሳልፍ መስታወት ላይ የታተሙና የፕላስቲክ ክዳን ያላቸው ናቸው። ለዕለት ሥራ ለሚፈልግ ሰው ከኦርጅናሉ ይልቅ እነዚህ ይሻሉታል።

ከአሜሪካ ውጭ

በእንግሊዝ ሳንደርላንድ የነበረው የጆብሊንግ ፋብሪካ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በፈቃድ አምርቷል፤ የሳንደርላንድ ምርት በ2007 ቆሟል። የራሱ ሥዕሎች ስለነበሩት ሰብሳቢዎቹም ለየት ያሉ ናቸው። በፈረንሳይ የሚመረተው እስከ ዛሬ ቦሮሲሊኬት ነው።

ጤና

በተለያዩ ምርመራዎች በአሮጌ ሳህኖች የውጭ ቀለም ላይ ሊድ ተገኝቷል። የውስጡ ገጽ በአብዛኛው ያልተቀባ ነው። ቀለሙ የተላጠበትን ዕቃ ለምግብ አለመጠቀም ይመከራል።