መንገድ ላይ ነጋዴ፣ አዳራሽ ውስጥ መልእክተኛ

ጀጎልን ከሐኪም ጋራ ቁልቁል ያያት ሰው ሌባ የማይደፍራት ከተማ ናት ቢል አንፈርድበትም። ዙሪያዋን ግንብ፣ በጥንቱ ጊዜ 5 በር፣ በየበሩ ዘበኛ። ግን ዘበኛ የሚጠይቀው ማን እንደሚገባ ነው። የገባው ሰው ውስጥ ምን እንደሚሆን ማን ይጠይቃል?

ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ሲነሳ የሙስሊም ነጋዴ መስሎ ነበር። ሐረር ሲቃረብ መልኩ አሳበቀበት፤ ሰዉ «ቱርክ ነው» ይለው ጀመር። በዚያ አገር ቱርክ መባል ደግሞ ፈረንጅ ከመባል የባሰ ነበር። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቁጭ ብሎ ከኤደኑ የእንግሊዝ ሹም ለአሚሩ የተላከ የሚመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ ጻፈ። በእንግሊዝኛ! ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 አሚር አሕመድ ፊት የቀረበው እንግዲህ የመንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ነው። ባሕር ተሻግሮ ኤደንን «እውነት የናንተ ሰው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ማደሪያውም በአሚሩ ቤት ሆነ።

የኮምፒውተር ሰዎች ይህን ያለ ሥልጣን ከፍ ማለት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ስፕሪንግ ሴኪዩሪቲ ላይ የተገኘው ቀዳዳ የዚሁ ዘመድ ነው። ብዙ የጃቫ ድረ ገጾች በር ጠባቂ አድርገው የቀጠሩት እሱን ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ተጠቃሚውን ለአንድ አጭር ሥራ ብቻ ከፍ አድርጎ ወዲያው ይመልሰዋል። ችግሩ፣ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ማንነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲቀያየር የኋለኛው ለውጥ ሳይመዘገብ ሊቀር መቻሉ ነው። ሰውየው ለደቂቃ የተዋሰውን ካባ ለብሶ ግቢውን ሁሉ ይዞርበታል ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ አጥፊው ደብዳቤ መፈብረክ አያስፈልገውም፤ ስህተቱን ራሱ ሊፈጥረውም አይችልም፣ ሲያገኘው ይጠቀምበታል እንጂ። በ5.4.4፣ በ5.3.8 እና በ5.2.9 እትሞች ተደፈነ። አሮጌውን እትም ሳያድሱ የተቀመጡ መሥሪያ ቤቶች ግን በሩን ክፍት ትተው ዘበኛ እንደቀጠሩ ይቁጠሩት።

በርተንም መግባቱ ሳይሆን መውጣቱ ነበር ያስጨነቀው። የአሚሩ ወዚር ሳል ያሠቃያቸው ነበርና መድኃኒት ከኤደን እልካለሁ ብሎ ቃል ገባ። በ10 ቀኑ ተሰናበተ። ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ሐረር ያላወቀችውን፣ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱ ተናግሮታል።