ታላቅ እህት ያገኘች ወጣት

ወጣት አባላትን ከታላላቆቻችን ጋር አጣምረን የምናሠራው ሥራ ውጤቱ መቼ ይታያል? ይህን ጥያቄ አባላትም ደጋፊዎቻችንም በየዓመቱ ያነሱልናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን እንደ እኛው ባለ አንድ የሴቶች ማኅበር ታሪክ ውስጥ እንፈልገው። ታሪኩ የተፈጸመው በሕንድ፣ በአሕመዳባድ ከተማ ነው፤ ዓመቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አናሱያ ሳራባይ በ1885 ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤቶች ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ተዳሩ፤ ትዳሩ ግን አልዘለቀም። እንግሊዝ አገር ቆይተው ከተመለሱ በኋላ ከሠራተኞች ጎን ቆሙ። በ1918 አድማ ሲመታ ወንድማቸው ከፋብሪካ ባለቤቶች ወገን ነበሩ፤ እሳቸው ግን ከጋንዲ ጋር ሆነው ሠራተኞቹን አስተባበሩ። በ1920 የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ። ሠራተኞቹ አናሱያን «ሞታቤን» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ በጉጃራቲ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው።

በ1955 ኤላ ባት የተባሉ ወጣት የሕግ ባለሙያ በዚሁ ማኅበር ተቀጠሩ። እሳቸው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ አናሱያ ደግሞ ሰባ ዓመት ገደማ ነበሩ። ታላቋ ለታናሿ መካሪ ሆኗቸው። ባት በ1968 የማኅበሩን የሴቶች ክፍል መምራት ጀመሩ። በዚያም በራሳቸው ሸክም የሚሸከሙ፣ ጋሪ የሚገፉ፣ መንገድ ዳር የሚቸረችሩ ሴቶች ምንም የሕግ ከለላ እንደሌላቸው አዩ።

በ1972 በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶችን የሚያሰባስበውን «ሴዋ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። አሠሪ የሌለው የሠራተኛ ማኅበር የለም ተብሎ ምዝገባው ችግር ገጥሞት ነበር፤ ባት ግን ማኅበር የሚቋቋመው ለሠራተኞቹ አንድነት ነው ብለው ተከራከሩ፤ ተሳካላቸውም። በ1974 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ። መፈረም ለማይችሉት በቁጠባ ደብተራቸው ላይ ፎቶግራፋቸው ተለጠፈ። ከጊዜ በኋላ የሕፃናት ማቆያ፣ የጤና አገልግሎትና የመድን ዋስትና ተጨመረ። ዛሬ አባላቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

አሁን ዓመቶቹን እንቁጠር። ከ1955 እስከ 1972 አሥራ ሰባት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሪፖርት ቢጻፍ ኖሮ «አንዲት ወጣት ጠበቃ ቀጥረናል» ከማለት ያለፈ አይወጣውም ነበር። አናሱያም ያረፉት ሴዋ በተቋቋመበት በ1972 ነው፤ ባንኩን አላዩም። ኤላ ባት ግን በ2022 በ89 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ለሴቶች መሥራታቸውን አላቋረጡም።

አንዲት ሴት በስድሳ ዓመቷ ስትታመም መታከሚያ፣ ስትቸገር የምትመዘው የቁጠባ ደብተር፣ ስታዝን የሚያጽናናት ማኅበር የሚኖራት አብዛኛውን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜዋ መንገድ ያሳያት ሰው ሲኖር ነው። እኛም ይህን በአባሎቻችን መካከል እናየዋለን። ስለዚህ ታላላቆቻችንን የምንለምነው የያዛችኋትን ወጣት በዓመቱ መጨረሻ እንዳትለቋት ነው። ደጋፊዎቻችንን ደግሞ የዘንድሮውን ሪፖርት ተቀብላችሁ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ተመልሳችሁ ስለነዚሁ ወጣቶች እንድትጠይቁን አደራ እንላለን።