በባሕር ዳር አጠገብ የወደቀው አይሮፕላን

ከፍኖተ ሰላም በቡሬና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ የማያውቅ ከመካከላችን አይገኝም። በሰማይ ላይ ስለሚያልፈው መንገድ ግን የምናውቀው ጥቂት ነው። ልጆች ሳለን የአይሮፕላን ድምፅ በሰማን ቁጥር ከቤት ወጥተን ከማንጋጠጥ በቀር፥ በውስጡ ያሉት ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው ጠይቀን አናውቅም። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፥ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት መጻፉን ለሌሎች ትተን፥ በዚሁ በጎጃም ምድር የደረሰውን ይህን አደጋ መረጥን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የመንገደኞች አይሮፕላን አዛዥ የሆኑት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው በአገር ልጆች እጅ እየገባ ሄደ።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ሐሙስ ነበረ፤ ዘመን ከተለወጠ ገና አምስተኛው ቀን ነው። የበረራ ቁጥሩ 604 የሆነ ቦይንግ 737 ጄት ከአዲስ አበባ መጥቶ ባሕር ዳር ካረፈ በኋላ፥ ወደ አሥመራ ለመቀጠል መንደርደር ጀመረ። 98 መንገደኞችና 6 ሠራተኞች ተሳፍረውበታል። አይሮፕላኑም አሮጌ አልነበረም፤ ሥራ ከጀመረ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ይገባናል። አይሮፕላን ሲንደረደር፥ አብራሪው አስቀድሞ ያሰላው አንድ የፍጥነት ልክ አለ። ከዚያ ልክ በታች ሳለ ጉድለት ቢታይ ፍሬን ይዞ ይቆማል። ልኩን ካለፈ ግን የቀረው መንደርደሪያ ስለማይበቃው፥ መነሣት ግድ ይሆንበታል። የባሕር ዳሩ አይሮፕላን የዱር ርግብ መንጋ ያጋጠመው በዚሁ ልክ አካባቢ ነበር። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ።

ርግብ ቀላል ፍጥረት ናት። ዳሩ ግን በዚያ ፍጥነት ስትገባ፥ በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩትን ስለታም ምላሶች ታጣምማለች፤ ትሰብራለች። በዚህ ጊዜ በሞተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ሥርዓቱን ያጣል፤ ሞተሩም ያጓራል፥ ይግላል። ሁለቱም ሞተሮች እንደ ጥይት ይጮሁ ጀመር።

ከመካከላችን አንዱ ተማሪ፥ «ለምን ወዲያው አላረፉም?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ለማረፍ መዞር ያስፈልጋል፤ ለመዞርም ከፍታ ያሻል፤ ከፍታ ደግሞ የሚገኘው ከቆሰሉት ሞተሮች ነው። ለቆሰለ ሞተር ጉልበት ቢጨምሩለት ይበልጥ ይጎዳል፤ ቢቀንሱለት አይሮፕላኑ ይወርዳል። አብራሪዎቹ ወደ ቀኝ ዞሩና ጥቂት መቶ ሜትር ከፍ አሉ። ወደ መንደርደሪያው ለመመለስ በጎን በኩል ሲበሩ ግን ሁለቱም ሞተሮች ፈጽመው ጠፉ። ከጣቢያው በደቡብ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፥ ጎማ ሳያወርዱ በሆዱ መሬት ላይ አሳረፉት። አይሮፕላኑ በእሳት ተያያዘ። 35 ሰዎች ሞቱ፤ 69 ዳኑ። ስድስቱም ሠራተኞች ከዳኑት መካከል ናቸው።

ከዚህ አደጋ በፊት፥ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ ግንቦት 16 ቀን 1980 ዓ.ም. የዚሁ የቦይንግ 737 ዘር የሆነ የኤል ሳልቫዶር አይሮፕላን በአሜሪካ አገር ወደ ኒው ኦርሊንስ ለማረፍ ሲወርድ ብርቱ ማዕበል ገጠመው። በክረምት ከሰዓት በኋላ የእኛን በቆሎ የሚያወድመው ዓይነት በረዶ ከከባድ ዝናብ ጋር ገብቶ ሁለቱንም ሞተሮች አጠፋቸው። ዳግመኛ ቢያስነሡዋቸውም ጉልበት አልሰጡም፤ ከልክ በላይ ጋሉ እንጂ። አዛዡ ካርሎስ ዳርዳኖ (አንድ ዓይኑን አስቀድሞ በጥይት ያጣ ሰው ነው!) በቦይ ዳር በተሠራ ሣር በለበሰ የጎርፍ መከላከያ ላይ አሳረፈው፤ 45ቱም ሰዎች ተረፉ። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ዓይነት ዝናብና በረዶ እንዲችል ተሻሻለ።

አንዳንድ ሰው ሁለቱን አደጋዎች አነጻጽሮ የኛዎቹን አብራሪዎች ሊወቅስ ይፈልግ ይሆናል። እኛ ግን አንስማማም። ዳርዳኖ ሞተሮቹ ሲጠፉ ገና ከፍ ብሎ ስለ ነበረ፥ ቦታ ለመምረጥ ጊዜ አግኝቷል። የባሕር ዳሮቹ ጊዜ አልነበራቸውም። የአደጋው ምርመራም ምክንያቱን የሰጠው በርግቦች ለተሰባበሩት ሞተሮች ነው። በጥር ወር 2001 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ ወፎች የሁለቱን ሞተሮች ጉልበት ያሳጡት አይሮፕላን በሐድሰን ወንዝ ላይ አርፎ 155ቱም ሰዎች ሲድኑ ዓለም በሙሉ አጨበጨበ። በባሕር ዳር የዳኑትን 69 ሰዎች ግን በክፍላችን ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ከእኛ ብዙዎቻችን በማማ ላይ ቆመን በወንጭፍ ወፍ ስንጠብቅ ያደግን ነን፤ ሥራውንም እንደ ሕፃናት ሥራ እንንቀው ነበር። ዛሬ በታላላቅ አይሮፕላን ጣቢያዎች ወፍ የሚያባርሩ ደመወዝተኞች እንዳሉ ስንሰማ ሳቅን። በሚቀጥለው ቀን ከመካከላችን ሁለቱ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ፥ ከቡሬ በላይ አንድ የርግብ መንጋ ከአውድማ ላይ ብድግ ብሎ መንገዱን አቋረጠ። ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ሞከሩ፤ አልቻሉም።