«ዋግ መታው» ስንል የትኛው ዋግ?

ዛሬ ትንሽ ታሪክ፣ ትንሽ ደግሞ የጓሮ ነገር ላውራችሁ።

እኛ ሳጉሬ ስንዴው ሲዝግ «ዋግ መታው» እንላለን። የጓሮው ድንች በክረምት በአንድ ሳምንት ጠቁሮ ሲወድቅም «ዋግ መታው» ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ሲወጣም ያው። ቃሉ የቆየ ነው፤ በትንቢተ ሐጌ እንኳ ከአረማሞና ከበረዶ ጋር ተጠቅሷል። ቃሉን አልጠላውም። ችግሩ ለብዙ በሽታ አንድ ስም ሰጥተን አንድ መድኃኒት መፈለጋችን ነው።

መጀመሪያ ስንዴውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት ካዱ አሰላ ላይ ሲቋቋም የአርሲ ገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በሰፊው አገኘ። የቁሉምሳ ምርምር ጣቢያም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ከቁሉምሳ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ከወጡት ዝርያዎች አንዱ ዲገሉ ይባላል፤ አዎ፣ ስሙ ከወረዳችን ስም ጋር አንድ ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ ሲጎዳ ብዙ ገበሬ ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበራ! ከኅዳር 2013 እስከ ጥር 2014 ባለው ጊዜ ግን ሌላ ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ በአዲስ ዓይነት መጣ። ባሌና አርሲ ውስጥ አንዳንድ የዲገሉ ማሳ ከናካቴው ምርት ሳይሰጥ ቀረ። አንዱን ዋግ የቻለ ስንዴ በሌላው ዋግ ወደቀ ማለት ነው። «ዋግ ይችላል» ሲባል «የትኛውን?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የድንቹ ነገር ደግሞ ከዚህም ይርቃል። ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 አካባቢ በጀርመናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በኩል እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1845፣ ዛሬ ባለሙያዎች «ሌት ብላይት» የሚሉት በሽታ የአየርላንድን ድንች ፈጀው። የመሬት ሥሪቱና የመንግሥት ቸልተኝነት ተጨምሮበት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ ሚሊዮን ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ያኔ አንዱ ዝናቡን፣ ሌላው የፈጣሪን ቁጣ፣ አንዳንዱ ደግሞ አዲስ የመጣውን ባቡር ይወቅስ ነበር። ማይልስ በርክሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ1846 «ቅጠሉ ላይ ያለው ነጭ ሻጋታ የበሽታው ምክንያት ነው» ቢልም ብዙዎች አልተቀበሉትም። በ1860ዎቹ ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በሙከራ አረጋገጠው። ዛሬ እንደምናውቀው ደግሞ ይህ ተሕዋስ እውነተኛ ፈንገስ እንኳ አይደለም፤ ዝምድናው ከአልጌዎች ጋር ነው።

ታዲያ ይኼ ለጓሯችን ምን ይጠቅመናል? በጣም እንጂ! ለስንዴ ዋግ የሚረጨው ቲልት እውነተኛ ፈንገሶችን ነው የሚያጠቃው። ከስንዴ የተረፈውን ድንች ላይ ብትረጩት የድንቹን በሽታ አያቆመውም። ሪዶሚል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል ደግሞ በተቃራኒው ለድንቹ እንጂ ለስንዴው ዋግ አይሠራም። ስማቸው አንድ ስለሆነ መድኃኒቱን ካቀያየርን ገንዘቡም ድንቹም ይሄዳል፤ መርዙ ግን ልጆቻችን በሚበሉት ጎመን ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከመርጨት በፊት ቅጠሉን ገልብጡ።

ድንች ላይ ውሃ ያዘለ የሚመስል ጥቁር ቁስል ካለና ጠዋት በጤዛ ሰዓት ከቅጠሉ ሥር በቁስሉ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ሌት ብላይት ነው። ቁስሉ ደረቅ ሆኖ ክብ በክብ ውስጥ ካለበትና ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ከጀመረ ሌላ በሽታ ነው፤ ያን ያህል አይፈጥንም። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ተክሉ በድንገት ከጠወለገ ግንዱን ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት። ወተት የመሰለ ክር ከወረደ ባክቴሪያ ነው፤ ለዚህ የሚረጭ መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ ማስወገድና በዚያ ቦታ ድንችም ቲማቲምም ሳይተክሉ መቆየት ነው።

ነጭ ሽንኩርት ላይ ስትነኩት ጣት የሚያቀላ ብርቱካናማ ዱቄት ካለ እሱ የስንዴው ዋግ ዘመድ ነው። ጎመን ላይ ከቅጠሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚገባ ቢጫና የጠቆረ ሥር ካያችሁ ግን ባክቴሪያ ነው፤ የፈንገስ መድኃኒት አታባክኑ።

ሌት ብላይትን በተመለከተ ማንኮዜብ የሚጠቅመው ቅጠሉ ሳይታመም ሲረጭ ነው፤ ከጠቆረ በኋላ አያድንም። ድንቹን አራርቃችሁ ትከሉ፣ አፈሩን በደንብ አቅፉት፣ ከታመመ ማሳ ዘር አትያዙ። ከመቆፈራችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ግንዱን አጭዳችሁ ከማሳው አውጡት፤ በሽታው ወደ ድንቹ እንዳይወርድ። እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ያግዛሉ፤ የዲገሉን ታሪክ እያሰባችሁ ግን በአንድ ዝርያ ብቻ አትመኩ።

ሱቅ ስትሄዱም «የዋግ መድኃኒት ስጡኝ» አትበሉ። የታመመውን ቅጠል በላስቲክ ይዛችሁ መጀመሪያ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ አሳዩ። ከገዛችሁም ዕቃው ላይ «ከተረጨ በኋላ ይህን ያህል ቀን ሳይሞላ አይበላም» የሚለውን አንብቡ፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶችም እናንተ አንብቡላቸው።