ሮቨር
ሮቨር በብሪታንያው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ «ዘ ፕሪዝነር» (እ.ኤ.አ. 1967–68) ውስጥ ሰዎች ታስረው ከሚኖሩበት መንደር ለማምለጥ የሚሞክሩትን እያሳደደ የሚያፍን ነጭ፣ ፊኛ መሰል ጠባቂ ነው። መጀመሪያ የታሰበው በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ ነበር፤ በዌልስ ፖርትሜሪየን ቀረጻ ላይ አልሠራ ሲል ግን በአየር ጠባይ መመርመሪያ ፊኛ ተተካ። ለድራማው ትልቅ ዕድል ነበር፤ ፊትም ድምፅ ማውጫ አፍም የሌለው አሳዳጅ ይበልጥ ያስፈራል።

ስሙ በ17ቱ ክፍሎች ውስጥ የሚጠራው እምብዛም ነው፤ ማን እንደሠራው፣ ሕይወት ይኑረው አይኑረው የሚነግረን የለም። ይህን ዝምታ አድናቂዎች በራሳቸው ፈጠራ ሞሉት። አምስቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ በአንድ የቃል መነሻ እያደረጉ፣ ሮቨርን የአንድ ምስጢራዊ መሣሪያ ምኅጻረ ቃል የሚያስመስሉ ፍቺዎች አበጁለት። ድራማው አንዱንም አይደግፍም፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ጨዋታ ለተመልካች የተተወለትን ቦታ በሚገባ መጠቀም ነው።