የአሳዳጊ ዕረፍት፤ ከሰበታ ታሪክ የምንማረው

የአንድን አገር የርኅራኄ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጥረው ሕሙማን የታከሙባቸውንና ችግረኞች የተጠለሉባቸውን ቤቶች ነው። ሌት ተቀን ልጇን ስትጠብቅ የኖረችውን እናት ግን የሚቈጥራት የለም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን የተዘለለ ገጽ ለመመልከት እንሞክራለን፤ መነሻችንንም ሰበታን እናደርጋለን።

ሰበታ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋራ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች። በዘመነ ንጉሠ ነገሥት የተቋቋመው የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት፣ መርሐ ዕውራን፣ ስሟን በመላው አገር አስጠርቶታል። በቡራዩ በኩልም ከአማኑኤል ሆስፒታል የሚወጡ የአእምሮ ሕሙማን የሚያገግሙበት የገፈርሳ ማዕከል ተመሠረተ። ሁለቱም ለብዙ ወገን ደርሰዋል። ነገር ግን የዘመኑ እርዳታ መንገዱ አንድ እንደ ነበረ ልብ እንበል፤ ይኸውም ችግረኛውን ከቤተ ሰቡ ለይቶ በከተማ ዳር ማኖር ነው።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ግን ለሁለቱም ደጅ እንግዳ ነበር። ዓይነ ሥውር አይደለም፤ ውስንነቱም አብሮት የሚኖር እንጂ ታክሞ የሚድን ሕመም አይደለም። ስለዚህ ዕጣው እቤት መቅረት፣ ብዙ ጊዜም ከሰው ዓይን መሰወር ሆነ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ሲመሠርት፣ በአእምሮ ጤና ጕድለት ራሳቸውን መርዳት ያልቻሉትንም በትርጓሜው አስገብቶ ነበር። ሆኖም ሕጉ ያሰበው ለችግረኛው እንጂ ለአሳዳጊው አልነበረም።

ሰበታ ፊቷን ወደዚህ ልጅ የመለሰችው ቈይታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1992 በፊንላንድ እርዳታ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራን ማሠልጠኛ በዚሁ ከተማ ተከፈተ። ወላጆችም በ1980ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በአዲስ አበባ የጆይ ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ በዚሁ ሥራ ደከሙ። እንዲህ ያለው ማዕከል የሚጠቅመው ልጁን ብቻ አይደለም። ጧት ልጇን አድርሳ የተመለሰች እናት ገበያ ትወጣለች፤ እንጀራዋን የምታገኝበትን ሥራ ትሠራለች፤ ሌሊቱን ያጣችውንም እንቅልፍ ትተኛለች። በሌሎች አገሮች ይህ እፎይታ ራሱን የቻለ አገልግሎት ሆኗል፤ የሠለጠነ ሰው ለጥቂት ሰዓት ወደ ቤት ይመጣል፣ ወይም ልጁ ለጥቂት ቀን በሌላ ቤት ይሰነብታል።

ሸክምን መጋራት በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ ጐድሎ የምናየው ግን አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባና በሱሉልታ መካከል በሚገኘው በእንጦጦ ተራራ፣ ከማርያም ጠበል ዘንድ፣ አስታማሚው ከሕሙሙ ጋራ ቤት ተከራይቶ ይሰነብታል። መጠለያ ያገኛል፤ ሸክሙን የሚቀበለው ግን የለም። በቤልጅግ የምትገኘው የጌል ከተማ ነገርም የጀመረው እንዲሁ በመንፈሳዊ ጉዞ ነው። በመካከለኛው ዘመን ፈውስ ፈልገው ወደ ቅድስት ዲምፍና ቤተ ክርስቲያን የመጡት ሲበዙ፣ የከተማው ሰው ሕሙማኑን ራሳቸውን በቤቱ ተቀብሎ ያኖር ጀመር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ ከ3,500 በላይ ሰዎች፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ጭምር፣ በጌል ቤቶች ይኖሩ ነበር። ይህ ለጥቂት ቀን ሳይሆን ለዘለቄታ የሚደረግ ነው፤ ቢሆንም ተራ ጎረቤት ይህን ሸክም መሸከም እንደሚችል ያስረዳል።

እኛም ዕድር አለን። ሰው በሞተ ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። አራስም እስክትጠነክር ትጠየቃለች። የዚህች እናት ድካም ግን እንደ አራስነት በቀን የተወሰነ አይደለም፤ ጥሩምባም አይነፋለትም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ሕዝብ ሃምሳውን ሎሚ ለእርሷ ብቻ ትቶላታል።

ይህን ማሰብ ዛሬ በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ28ኛው አንቀጹ፣ በድህነት ለሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ለቤተ ሰቦቻቸው መንግሥት ከሚያደርገው እርዳታ መካከል የአሳዳጊን እፎይታ በግልጽ ይጠቅሳል። ሕጉ አለ፤ በሰበታ የሠለጠኑ መምህራን አሉ፤ በየመንደሩም ዕድር አለ። የቀረው እነዚህን ሦስቱን ማገናኘት ነው። አንድ ዕድር ከአባሎቹ ጥቂቶቹን በመምህር አሠልጥኖ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁን ቢያስጠብቅ፣ የመንግሥት ሹማምንትም ይህን ቢደግፉና ቢቈጣጠሩ፣ ያች እናት በሕይወት ሳለች ዕድርተኛ መሆኗን ታውቃለች።