ጩኸቱን ማን ሰማው?

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ባምብራ በተባለች የባሕር ዳር መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ባለው ሙዚየም አንዲት የእንጨት ጀልባ አለች። ርዝመቷ ከ6 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተው ይህች ጀልባ ሰው ባዳነች በ100ኛ ዓመቷ ነው።

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1838 ከሐል ወደ ደንዲ ትጓዝ የነበረችው ፎርፋርሻየር የተባለች የእንፋሎት መርከብ ቦይለሯ አፍስሶ ሞተሯ ቆመ። ማዕበሉ ወስዶ ከቋጥኝ ጋር አላተማትና ለሁለት ተሰበረች።

የዘመኑ ጋዜጦች እንደጻፉት፣ የሎንግስቶን የባሕር መብራት ጠባቂ ልጅ፣ የ22 ዓመቷ ግሬስ ዳርሊንግ፣ የሰዎቹን ጩኸት ሰምታ ከእንቅልፏ ባነነች፤ እምቢ ያለ አባቷንም ለምና አስነሣችው።

እኔ የማምነው አባትዮውን ነው። ዊልያም ዳርሊንግ ከሁለት ወር በኋላ ለአለቆቹ በጻፈው ደብዳቤ ጩኸት የሚባል ነገር የለም። አባትና ልጅ ቀድመው ነቅተው፣ ነፋሱ እንዳይወስድባቸው የውጭ ዕቃ ያስሩ ነበር። ለ11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልጅቱ የተሰበረችውን መርከብ አየች። ሰው ግን አልታያቸውም፤ ባሕሩ ጎድሎ ሰዎች ቋጥኙ ላይ እስኪታዩ ድረስ እስከ 1 ሰዓት ገደማ በመነጽር ሲያማትሩ ቆዩ። ከዚያ ለመሄድ ተስማሙ። ከተረፉት አንዳንዶቹ ካልቀዘፉላቸው እንደማይመለሱ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ለእኔ ከጩኸቱ ወሬ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው፤ መመለሻቸውን በማያውቁት ሰው ክንድ ላይ ጥለው ወጡ።

እዚያ ሲደርሱ አባት ወደ ቋጥኙ ዘለለ። ግሬስ ሁለቱንም መቅዘፊያ ይዛ፣ ጀልባዋ እንዳትሰባበር ብቻዋን ከማዕበሉ ጋር ታገለች። ይህ ጀግንነት ማጋነን አያሻውም። ቋጥኙ ላይ ከተገኙት ዘጠኝ ሰዎች መጀመሪያ አራት ወንዶችና አንዲት ሴት ተሳፈሩ። ሴትዮዋ ሳራ ዶውሰን ሁለት ልጆቿ በእቅፏ ሞተውባታል። በሁለተኛው ጉዞ ግሬስ የተረፉትን ልታስታምም ቀረች፤ አባቷ ከዳኑት ሁለቱን ይዞ ቀሪዎቹን ሊያመጣ ወደ ቋጥኙ ተመለሰ።

ከኖርዝ ሰንደርላንድ ቀዝፈው የመጡት ሰባት ሰዎች ግን ከዝናው አልደረሳቸውም፤ አንዱ የግሬስ የገዛ ወንድም ነበር። ዘግይተው ደርሰው ያገኙት ሬሳ ነው።

ለግሬስ ሜዳሊያው ጎረፈ፤ ሠዓሊዎችም ተሻሙባት። በ1842 የሳንባ ነቀርሳ በ26 ዓመቷ ወሰዳት። አባቷ በመዝገቡ ላይ ዘጠኙን ያዳኑት «ዳርሊንጎች» ናቸው ብሎ ጻፈ እንጂ ልጁን ለብቻዋ አልጠራም።

ዛሬ ጎብኚዎች ከሲሃውስስ ወደብ በጀልባ እየተሳፈሩ የሎንግስቶንን የመብራት ማማ ያያሉ። ከ1990 ወዲህ ጠባቂ የለውም፤ በየ20 ሴኮንዱ ብልጭ ይላል።